በቀለም የታተሙ የሚሲዮናውያን ሥዕሎች በወሎ ሚዛን

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ አገር በቀለም እየታተሙ የተሸጡትን የክርስቲያን ሚሲዮናውያን ሥዕሎች ነው። የሠራቸው ጆርጅ ባክስተር የተባለ የለንደን አታሚ ሲሆን፥ የሠራውም ለአገሩ ሰዎች እንጂ ለእኛ አልነበረም። እንግዲያስ ይህ ነገር በመካነ ሰላምና በጠቅላላው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለሚኖር አንባቢ ምን ይረባዋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፥ ሥዕሎቹ በለንደን ሱቆች በሚሸጡበት በዚያው ዘመን ሚሲዮናውያን በወሎ ምድር ተመላልሰዋል፤ በወሎ ምድር ተዘርፈዋል፤ ኋላም በወሎ አምባ ላይ ታስረዋል። ስለዚህ ሥዕሉ የሚናገረውንና ምድሪቱ የምታውቀውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመመዘን ወሎ የተመቸ ስፍራ ነው። ሁለተኛ፥ በወረቀት የታተመ የቀለም ሥዕል ዛሬ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ከቀድሞው የሸራና የገበታ ሥዕል ጎን ተሰቅሎ የምናየው ነገር ሆኗል። የታተመ ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ፥ ማንን ለማስደሰት እንደሚሠራና ማንን እንደሚተው ማወቅ እንግዲህ ለሩቅ ሰው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ሐሳባችንን ከወዲሁ እንገልጻለን። እነዚህ ሥዕሎች በእጅ ሥራቸው የሚመሰገኑ ናቸው፤ በምስክርነታቸው ግን ጎደሎዎች ናቸው። ጎደሎ የሚያሰኛቸውም ሐሰት መናገራቸው አይደለም፤ ሚሲዮናዊውን ያስጠለለውን፥ ያስተረጎመለትንና መንገድ የመራውን ሰው ከሥዕሉ ውጭ ማስቀረታቸው ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

የሥዕሎቹ አሠራር

ጆርጅ ባክስተር በ1804 በሳሴክስ አውራጃ በሉዊስ ከተማ ተወለደ፤ አባቱም አታሚ ነበር። በባክስተር ወጣትነት ዘመን አንድ ሥዕል በመጽሐፍ ውስጥ በቀለም እንዲወጣ ሲፈለግ፥ አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉ በጥቁር ብቻ ይታተምና ቀለሙ በእጅ እየተቀባ ይጨመርበት ነበር። ይህም ብዙ ሠራተኛ የሚጠይቅ፥ ከቅጂ ወደ ቅጂም የሚለዋወጥ ሥራ ነበር። ባክስተር ይህን ለማስቀረት ሲሞክር ቆይቶ በ1835 ለአዲሱ ዘዴው የባለቤትነት መብት ከመንግሥት አገኘ።

ዘዴው እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ የሥዕሉ መሠረት፥ ይኸውም መስመሩና ጥላው፥ በብረት ሰሌዳ ላይ ይቀረጽና ይታተማል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ አንድ ሰሌዳ፥ ብዙውን ጊዜም ከእንጨት፥ ይዘጋጃል። በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ በዘይት የተለወሰ ቀለም እየተቀባ፥ ያው ወረቀት ደጋግሞ ከማተሚያው ሥር ይገባል። አንዱ ሥዕል 10 ጊዜ፥ ሌላው 15 ጊዜ፥ አንዳንዱም 20 ጊዜ ይታተማል። ወረቀቱ በእያንዳንዱ ጊዜ በትክክል በቦታው እንዲያርፍ በቀጫጭን መርፌዎች ይያዛል። የጥለትን ሥራ ያየ ሰው ነገሩ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ይገባዋል። ሸማኔው አንዲት ክር ቢያዛንፍ ጥለቱ ሁሉ እንደሚበላሽ፥ አታሚውም አንዱን ሰሌዳ በፀጉር ያህል ቢያዛንፍ የሰውየው ከንፈር ከአገጩ ላይ ያርፋል።

ውጤቱ በእውነት የሚያስደንቅ ነበር። የባክስተር ቀለም ጥልቀት አለው፤ የሰው ገላ፥ የባሕር ውኃና የደመና ብርሃን በብሩሽ የተሠሩ እስኪመስሉ ድረስ ይለሰልሳሉ። ከዚህም በላይ ሥዕሉ ሺህ ጊዜ ቢታተም ለመጀመሪያው ገዢ የደረሰው ለመጨረሻውም ይደርሰዋል። በዘይት ቀለም የተሣለ የመልክ ሥዕል ለማሠራት ገንዘብ የሌለው ሱቅ ጠባቂና አስተማሪ ጭምር በቤቱ ግድግዳ ላይ የቀለም ሥዕል ለመስቀል በቃ። የባክስተር መብት በ1849 ለ5 ዓመት ቢታደስለትም ድካሙ ባለጸጋ አላደረገውም፤ በ1865 ከስሮ በ1867 ሞተ። ይህን የምናነሣው የሥራውን ክብር ላለመንፈግ ነው። ከዚህ በታች የምንሰነዝረው ነቀፌታ በእጁ ሥራ ላይ አይደለምና።

ሥዕሎቹ የሚያሳዩት

ባክስተር ከለንደን ሚሲዮን ማኅበር ሰዎች ጋር ግንኙነት ነበረው። ጆን ዊልያምስ የተባለው ሚሲዮናዊ በ1837 ስለ ደቡብ ባሕር ደሴቶች ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሮበርት ሞፋትም በ1842 ስለ ደቡብ አፍሪካ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች የሠራው እርሱ ነው። ሥዕሎቹም ከመጽሐፍ ወጥተው ለብቻቸው መሸጥ ጀመሩ። እነዚህን ሥዕሎች በአንድነት ስንመለከታቸው ሚሲዮናዊው የሚታይባቸው ሁኔታዎች ከሦስት እንደማይበልጡ እንረዳለን። እነዚህም እርጋታ፥ አቀባበልና ሞት ናቸው።

እርጋታ የምንለው የመልክ ሥዕሎቹን ነው። በ1843 የታተመው የሞፋት ሥዕል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሚሲዮናዊው እንደ ዘመኑ የእንግሊዝ ቄሶች ለብሶ ብቻውን ይታያል። ፊቱ ላይ ረኃብ፥ ንዳድ ወይም ጥርጣሬ አይነበብበትም። ልብሱ አቧራ አልነካውም። ለሃያ ዓመት ያህል በበረሃ ዳርቻ አትክልት እየተከለ፥ ብረት እየቀጠቀጠና ቋንቋ እየተማረ የኖረ ሰው መሆኑን ከመልኩ ማወቅ አይቻልም። ገዢው የሚያየው በእሑድ ቀን በራሱ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሊሰብክለት የሚችል ጨዋ ሰው ነው። የሥዕሉም ዓላማ ይኸው ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ሰው የሰጠውን ገንዘብ የተቀበለው የታመነ ሰው መሆኑን እንዲያይ ነው።

አቀባበልና ሞት ደግሞ በ1841 ጥንድ ሆነው ወጡ። ጆን ዊልያምስ በኅዳር ወር 1839 ኤሮማንጋ በምትባል ደሴት ተገደለ። ባክስተር በአንደኛው ሥዕል ዊልያምስ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን በታና ደሴት (ይህች ታና ከእኛ ጣና ጋር የስም መመሳሰል እንጂ ሌላ ዝምድና የላትም) በሰላም ሲቀበሉት አሳየ። በሁለተኛው ሥዕል ኤሮማንጋ ላይ በባሕሩ ዳር ሲገድሉት አሳየ። ቀለሙ በሁለቱም ያምራል። ባሕሩ ሰማያዊ ነው፤ ዛፉ ለምለም ነው። ሰዎቹ ግን በአንደኛው ሥዕል የዋሃን፥ በሁለተኛው አውሬዎች ናቸው። በሁለቱ መካከል ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሥዕሎቹ መልስ አያገኝም።

መልሱ ግን አለ። ከዊልያምስ በፊት የሰንደል እንጨት ነጋዴዎች ወደ ኤሮማንጋ መጥተው ከደሴቲቱ ሰዎች ጋር ደም ተፋስሰው ነበር። ዊልያምስ የሞተው ሰዎቹ ነጭ እንግዳን በዚያ ዓይን ማየት ከጀመሩ በኋላ መሆኑን የታሪክ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። በ2009 የዊልያምስ ተወላጆችና የደሴቲቱ ሰዎች በዚያው በኤሮማንጋ ተገናኝተው ዕርቅ አድርገዋል። ዕርቁ የጠየቀው ከሥዕሉ የቀረውን ነገር መናገርን ነበር። አንድ ሥዕል የተወውን ለመመለስ 170 ዓመት መውሰዱ የሥዕልን ኃይል ያሳየናል።

የወሎ ምስክርነት

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የሞፋት ሥዕል በታተመበት በ1843 በዚያው በለንደን ሌላ የሚሲዮናውያን ሥራ ታትሞ ወጥቷል። ይህም ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሁለት የጀርመን ተወላጆች በሸዋና በሌሎችም የኢትዮጵያ ክፍሎች የጻፉት የዕለት ማስታወሻ ነው። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ከተቀመጠ በኋላ በመጋቢት 1842 ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ጎንደር ለማለፍ ሞከረ። የራስ ዓሊና የደጃዝማች ውቤ ጦርነት ያስከተለው ብጥብጥ መንገዱን ዘጋበት። ሲመለስም አዳራ ቢሌ የተባለ የወሎ ባላባት ገቲራ በሚባል ስፍራ ይዞ ንብረቱን ገፈፈው። ይህ ባላባት መጀመሪያ በወዳጅነት የተቀበለው ሰው ነበር። ክራፕፍ ከእጁ ከወጣ በኋላ ባዶ እጁን በሐይቅና በትግራይ በኩል ተጉዞ ምጽዋ ደረሰ።

ይህን ታሪክ ባክስተር እንዲሥለው ተጠይቆ ቢሆን የትኛውን ሁኔታ ይመርጥ ነበር? እርጋታ እንዳይለው ሰውየው ተገፏል። አቀባበል እንዳይለው የተቀበለው ሰው ነው የዘረፈው። ሞት እንዳይለው ክራፕፍ አልሞተም፤ ከዚያ በኋላ ከ35 ዓመት በላይ ኖሮ በ1881 በአገሩ ዐርፏል። የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ስንቅና በቅሎ የሌለው እንግዳ በየመንደሩ በሰው ቸርነት ሲያድር። ይህን ደግሞ የወሎ ሰው ያለ ሥዕል ያውቀዋል። እንግዳ በደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ሲል ማሳደር የአገሩ ወግ ነውና። እንዲህ ያለው ሥዕል ግን በለንደን ገበያ አይሸጥም ነበር። የሚያሳየው ሰጪው ወሎ ሲሆን ተቀባዩ ሚሲዮናዊው ነው፤ ገዢው ግን ሰጪው ራሱ እንደሆነ ማየት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ምስክራችን መቅደላ ነው። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት እጀ ሥራ የሚያውቁ ወንጌላውያንን ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ከእነዚህም አንዱ ቴዎፊሎስ ቫልድማየር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀምጠው መድፍ እንዲያፈሱ ተደረገ። በ1867 የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ መንገድ እየተቆረጠለት፥ ገደል እየተደለደለለት በብዙ ሰው ጉልበት ወደ መቅደላ ተጎተተ። ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ይገኛል። በዚያው አምባ ላይ ሄንሪ ስተርንና ሌሎች ሚሲዮናውያን በሰንሰለት ታስረው እስከ ሚያዝያ 1868 ቆዩ።

እንግዲህ በወሎ ያየናቸው ሚሲዮናውያን ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የተዘረፈ መንገደኛ፥ መድፍ አፍሳሽና እስረኛ። ከእነዚህ መካከል የሚሲዮን ሥዕል ሊቀበለው የሚችለው ምናልባት እስረኛውን ብቻ ነው፤ እርሱም መከራ ለመቀበል ቅርብ ስለ ሆነ። ወንጌል ሊያስተምር መጥቶ የጦር መሣሪያ የሠራውን ሰው ግን በእርጋታም ሆነ በአቀባበል ወይም በሞት መልክ ማስገባት አይቻልም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያና የሚሲዮን ግንኙነት እውነተኛ ጥያቄ ያለው በዚህ ላይ ነው። ንጉሡ ምን ፈለጉ? እንግዳው ምን ሊሰጥ መጣ? ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ ማን ዋጋ ከፈለ? በጥቁር ልብስ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሊነግረን አይችልም።

ያልተሣለው ፊት

የሥዕሎቹ ትልቁ ጉድለት ግን ሚሲዮናዊውን እንዴት እንዳሳዩ አይደለም፤ ማንን ሳያሳዩ እንደቀሩ ነው። ለዚህ ከወሎ ማዶ፥ ከዐባይ ወዲያ፥ አንድ ምሳሌ እናምጣ። የቦረና ደጋ ወደ ዐባይ ሸለቆ ሲወርድ ማዶው ጎጃም ነው። ከዚያ ከጎጃም የወጣ አቡ ሩሚ የተባለ መነኩሴ በካይሮ ከፈረንሣዩ ቆንስል ከአስለን ጋር 10 ዓመት ያህል ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ተረጎመ። ሥራው 9,539 ገጽ ነበር። አቡ ሩሚ ካይሮ ላይ በወረርሽኝ ሞተ። በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ የእንግሊዝ ሚሲዮናዊ ጽሑፉን ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ወንጌሉ በ1824፥ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፥ ሙሉ መጽሐፉም በ1840 ታተመ። በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገቡ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ይዘውት የዞሩት የአማርኛ መጽሐፍ መሠረቱ ይህ ነው።

ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በወጣበት በዚያው በ1840 ሞፋትም የጸዋና ቋንቋ ሐዲስ ኪዳኑን በለንደን አሳተመ። ሞፋት ከ3 ዓመት በኋላ በቀለም ታትሞ በየቤቱ ተሰቀለ። 9,539 ገጽ በእጁ የጻፈው መነኩሴ ግን በሚሲዮን ሥዕሎች ውስጥ ቦታ አላገኘም። ይህ የባክስተር ጥፋት ነው ማለታችን አይደለም። ባክስተር ሥዕሎቹን በጀመረ ጊዜ አቡ ሩሚ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ነገር ግን አንድ የሥዕል ዓይነት የሚፈረደው ባሳየው ብቻ አይደለም፤ በልማዱ ለማን ቦታ እንደሚያዘጋጅ ጭምር ነው። የሚሲዮናውያን የመልክ ሥዕል ለሰባኪው ወንበር አዘጋጀ፤ ለተርጓሚው ግን በርጩማ እንኳ አላኖረለትም።

ሌላ መንገድ እንደነበረ ከዚያው ከሞፋት ታሪክ መረዳት ይቻላል። ዊልያም ስኮት የተባለ ሠዓሊ በ1842 ሞፋትን በዘይት ቀለም ሲሥለው ብቻውን አላስቀመጠውም። ጆን ሞኮቴሪና ሣራ ሮቢ የተባሉት አፍሪካውያን አብረውት አሉ፤ የሥዕሉም ርእስ ስማቸውን ይዟል። ሥዕሉ ዛሬ በኤዲንበርግ በስኮትላንድ ብሔራዊ የመልክ ሥዕል ቤት ይገኛል። እንግዲህ ሌላውን ሰው በስሙ ማስገባት ለዘመኑ ሰው የማይታሰብ ነገር አልነበረም። ልዩነቱ አንዱ ሥዕል በአንድ ስፍራ የሚቀመጥ መሆኑ፥ ሌላው ግን በብዛት ታትሞ በየቤቱ የሚገባ መሆኑ ነው። በየቤቱ የገባው ሞፋት ብቻውን የሚታይበት ነው።

የአገራችን ልማድና የራሱ ጉድለት

የባዕድን ሥዕል ስንመዝን የራሳችንን ሚዛን መግለጥ ይገባናል። የቀድሞው ቤተ አምሐራ፥ ዛሬ ምዕራብ ደቡብ ወሎ የምንለው ደጋ የሚገኝበት አገር፥ የባዕድን ሥዕል የማየት የቆየ ልምድ አለው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣው የቬኒስ ሰው ኒኮሎ ብራንካሌዮን በአገራችን ብዙ ዓመት ሲሥል ኖሯል። ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው፥ ይህ ሠዓሊ በአትሮንሰ ማርያም እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ቢሥላት ሕዝቡ ተቆጣ። በግራ መያዝ ክብርን እንደ መቀነስ ተቆጥሯልና። ቁጣው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለጊዜው እንተወውና አንድ ነገር እናስተውል። የቤተ አምሐራ ሰው ሥዕልን የሚያየው እንደ ጌጥ አልነበረም። ማን በየት በኩል ተቀመጠ፥ ማን ማንን ያዘ፥ ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛም ለባክስተር ሥዕሎች የምናቀርበው ያንኑ ጥያቄ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፥ ኃጥእ በአንድ ዓይኑ እንደሚሣል የታወቀ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ የተወደደ ልማድ አለ። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ራሱ በሥዕሉ ግርጌ ይሣላል። በጣና ባሕር በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ይህ ልማድ የገንዘቡን ምንጭ አይሰውርም። ተመልካች ሥዕሉ ለማን ጸሎት፥ በማን ወጪ እንደ ተሠራ ወዲያው ያውቃል። በባክስተር ሥዕል ግን ወጪውን የሚሸፍነው ገዢ በሥዕሉ ውስጥ የለም፤ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሁሉም ነገር ለእርሱ ዓይን ተዘጋጅቶ ሳለ እርሱ ራሱ አይታይም።

ይሁን እንጂ በራሳችን አንኩራ። ዐፈሩን የቆፈረው፥ ድንጋዩን የተሸከመው፥ ቀለሙን የፈጨው ገባር በእቴጌይቱ ጎን አልተሣለም። ሠዓሊውም ቢሆን ስሙን የጻፈው ከስንት አንዱ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ በ15ኛው መቶ ዓመት ሥዕሉ ላይ ስሙን የተወልን ፍሬ ጽዮን ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የእኛ ሥዕል ሁሉን ያሳያል፥ የእነርሱ ይሰውራል የሚል አይደለም። የእኛ ሥዕል ቢያንስ አሠሪውን ከቅዱሱ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ የእነርሱ ግን መልእክተኛውን ራሱን በቅዱሱ ቦታ ያስቀምጠዋል።

የወሎ እስላሞች ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ያሳዩናል። ወሎ የሁለቱም ሃይማኖት አገር እንደ መሆኑ ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በእስልምና ሥርዓት ሥዕል ለአምልኮ ስለማይውል፥ እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉ ስፍራዎች ያስተማሩ የታላላቅ ሸኾች መታሰቢያ በመንዙማና በዝያራ ቆይቷል። መምህሩን ያላየ ትውልድ መልኩን አያውቅም፤ ነገር ግን ከማን እንደ ተማረና ለማን እንዳስተማረ ይሰማል። ፊት ያለ ታሪክ በባክስተር ወረቀት ላይ ቀረ፤ ታሪክ ያለ ፊት በወሎ ዜማ ውስጥ ዘለቀ። የትኛው መምህሩን ይበልጥ እንዳቆየው አንባቢ ይፍረድ።

ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ አንባቢ፥ የመልክ ሥዕል ሥራው የአንድን ሰው መልክ ማሳየት ነው፤ አስተርጓሚውንና መንገድ መሪውን ሁሉ ሰብስብ ማለት ከአንድ ወረቀት የማይቻለውን መጠየቅ ነው ይል ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሥዕሎቹ የግለሰብ መታሰቢያ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እኛም ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ሥዕሎቹ የሚሲዮን ሥራን ለሕዝብ የሚያስረዱ፥ መዋጮም የሚቀሰቅሱ ሆነው አገልግለዋል። ለሥራው ሁሉ የቆመ ሥዕል በሥራው ሁሉ ይመዘናል።

ሌላውም ተቃውሞ፥ ከባዕድ የመጣ ሥዕል ሁሉ ሊጣል ነውን የሚል ነው። ከቶ አይደለም። ከመቅደላ አምባ በ1868 ሪቻርድ ሆምስ የወሰደው ኩርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ባዕድ አገር የተሠራ ነው። ሆኖም ነገሥታቱ ለዘመናት በጦርነት አስይዘውት ሲዘምቱ፥ ሰው በፊቱ ሲምል የኖረ የመንግሥት ቅርስ ሆነ። ሆምስ ለብሪታንያ ቤተ መዘክር ዕቃ ሊገዛ የተላከ ሰው ሆኖ ሳለ ሥዕሉን ለራሱ አስቀረው። ኩርዓተ ርእሱ ባዕድ ሆኖ መምጣቱ የእኛ ከመሆን አላገደውም፤ የአገሩ ሰው ሥራ ሰጥቶታልና። እንግዲህ ነቀፌታችን በምንጩ ላይ ሳይሆን በአገልግሎቱ ላይ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተናገርነው ሦስት ነገር ይወጣል። የመጀመሪያው፥ የባክስተር ሥዕሎች በኅትመት ጥበብ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስፍራ አላቸው፤ የሥዕል ኅትመት የሚማር ወጣት ሁሉ ሊያያቸው ይገባል። ሁለተኛው፥ እነዚህ ሥዕሎች በትምህርት ቤት መጽሐፍ ወይም በኤግዚቢሽን ስለ ሚሲዮን ታሪክ ማስረጃ ሆነው ሲቀርቡ ብቻቸውን መቆም የለባቸውም። በሞፋት ሥዕል ጎን የሞኮቴሪና የሣራ ሮቢ ስም፥ በ1840 መጽሐፍ ቅዱስ ጎን የአቡ ሩሚ ስም፥ በክራፕፍ ስም ጎን ደግሞ የዘረፈውም ያሳደረውም የወሎ ሰው መነገር አለበት።

ሦስተኛው ለእኛው ለተማሪዎች የሚሆን ሥራ ነው። በመካነ ሰላም ዙሪያና በቦረና፥ በሳይንትና በመቅደላ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙትን የሸራ፥ የገበታና የወረቀት ሥዕሎች ቆጥሮ መመዝገብ ይገባል። ሲመዘገቡም የቅዱሱን ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም። ማን አሠራው፥ ማን ሣለው ወይም ከየት ተገዛ፥ ማን ተሸክሞ አመጣው፥ አዲሱ ወረቀት ሲሰቀል አሮጌው ሸራ ወዴት ሄደ የሚሉት ጥያቄዎች ለመሪጌታዎቹና ለሽማግሌዎቹ ይቅረቡ። የወረቀት ሥዕል ርካሽና ብሩህ በመሆኑ አሮጌውን ሸራ ማስነሣቱ ቀላል ነው፤ የተነሣው ሸራ ግን በግርጌው የተጻፈውን የአሠሪውንና የሠዓሊውን ስም ይዞ ይጠፋል። ስሙ ከጠፋ በኋላ ከሥዕሉ የሚቀረው ፊት ብቻ ነው፤ ፊት ብቻውን ምን ያህል እንደሚጎድለው ደግሞ ከባክስተር ሥዕሎች ተምረናል።